የለተብርሃን ግራ እግር

ጡረታ በወጣሁ ሰሞን ልጄ ዘሐራ መኪና ገዛች። ፍሪሲዮን የለውም፣ ማርሹን ራሱ ይቀይራል፣ እግር ሥር ያሉት ሁለት ፔዳሎች ብቻ ናቸው። ዕድሜዬን የጨረስኩት ሰው መንዳት በማስተማር ቢሆንም እሷን ያስተማራት ሌላ ሰው ነው፤ ገና ሳንጀምር እንደምንጣላ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከግቢ ልታወጣው ስትል ሞተሩ ባንድ ጊዜ አጓራ። መኪናው ተንቀጠቀጠ እንጂ አልሄደም። ፊቷ አመድ መስሎ ወረደች።

"አባባ፣ ፍሬን ይዤ ነበር እኮ" አለችኝ።

ፍሬኑንም ነዳጁንም አብራ እንደረገጠች ነገርኳት። የዛሬ መኪና ፍሬኑ ጠንካራ ስለሆነ ሁለቱ ሲረገጡ ብዙውን ጊዜ ፍሬኑ ያሸንፋል። እኔ ሥራ በጀመርኩበት ዘመን ግን ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ አይታወቅም ነበር። እሷ ትንሽ ተረጋግታ ሄደች፤ እኔ በረንዳው ላይ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ። ቀኑን ሙሉ ሳስብ የዋልኩት አስመራን ነው።

አስመራ የገባሁት ፌዴሬሽኑ ፈርሶ ኤርትራ ጠቅላይ ግዛት ከተባለች በኋላ ነው። ከደሴ እህል እየጫነ በሚመላለስ ከባድ መኪና ላይ እሠራ ነበር። ከተማዋን ወደድኳት። መንገዱ ሰፊና ንጹሕ ነው፣ ብስክሌቱ ብዙ ነው፣ አየሩ የደሴን ይመስላል። የወሎ ሰውም አልጠፋም፤ ፍራፍሬ የሚሸጥ፣ ልብስ የሚተኩስ፣ በየምግብ ቤቱ የሚያስተናግድ ያገሬ ልጅ ሞልቷል። ከነሱ አንዱ፣ ገበያው አጠገብ ብርቱካን የሚሸጠው አደም፣ አንድ የመንጃ ትምህርት ቤት አማርኛ የሚችል አስተማሪ እንደሚፈልግ ነገረኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። የመንጃ ፈቃድ ፈተናው በአማርኛ ሆኗል፤ ተማሪው ደግሞ አብዛኛው ትግርኛ ነው የሚናገረው። ጎበዝ ነጂ ሆኖ ሳለ ፈታኙ መኮንን "ወደ ቀኝ ታጠፍ" ሲለው ወደ ግራ እየታጠፈ የሚወድቀው ሰው በዝቶ ነበር። የትምህርት ቤቱ ባለቤት፣ አገሩ መመለስ ያቃተው አንድ ሽማግሌ ጣሊያን፣ ጥቂት ካናገረኝ በኋላ ቀጠረኝ። ደሞዙ ለቤት ኪራይና ለምግብ ይበቃ ነበር። ከዚያ በላይም አላማረኝም።

ሥራውን ያስተማሩኝ ባለቤቱ ሳይሆን አቦይ ወልዱ ናቸው። "አቦይ" በትግርኛ አባቴ ማለት ነው፤ በትምህርት ቤቱ ሌላ ስም የሚጠራቸው አልነበረም። በጣሊያን ጊዜ ወደ ምጽዋ በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ከባድ መኪና ሲነዱ የኖሩ፣ ቀጭን፣ ቁመታቸው አጠር ያለ ሰው ናቸው። ተማሪ ሲመጣ ከፊቱ በፊት እግሩን ያያሉ። በመጀመሪያው ቀን መኪና አያስነኩም። ወንበር ላይ ያስቀምጡና፣ እግሩን መሬት ላይ እያስረገጡ፣ ግራ ለፍሪሲዮን ብቻ፣ ቀኝ ለፍሬንና ለነዳጅ፣ ሲሉ ይውላሉ። ቀኝ እግር ለሁለቱ አንድ የሆነው በምክንያት ነው ይሉ ነበር፤ ፍሬን ላይ ካለ ነዳጅ ላይ ሊኖር አይችልም።

ከጎን ሲቀመጡ ጉልበታቸውን ወደ ተማሪው ያዞራሉ፤ እጃቸው ከእጅ ፍሬኑ አጠገብ ያርፋል እንጂ አይነካውም። "ከነካኸው፣ የማታምነው መሆኑን በጎን ዓይኑ ያይሃል" ብለውኛል። አደጋ ሲቃረብ ሌላው አስተማሪ ይጮኻል፤ የሳቸው ድምፅ ግን ዝቅ ይላል። ተማሪው እሱን ለመስማት ሲል ራሱ ጸጥ ይላል። ትምህርቱ ሲያልቅ ጥራቮሎ ሰፈር ካለች አንዲት ትንሽ ቡና ቤት ገብተን ሻሂ እንጠጣለን፤ እዚያ ስለ መኪና ማውራት ክልክል ነው። ስለ ዝናብ፣ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ጥርስ ሕመማቸው ያወሩኛል። እኔም ይህን ሁሉ ሳላስበው ወረስኩ።

ነዳጅና ፍሬን አብሮ መርገጥ ያን ጊዜ የምንፈራው ትልቁ ነገር ነበር። የመኪኖቹ ፍሬን ደካማ ነው። ሞተሩ ሙሉ ነዳጅ እየተሰጠው ፍሬን ሲያዝ መኪናው እያጓራ፣ እየዘለለ ወደፊት ይገፋል። ነጂው ደግሞ ፍሬን የያዘ ስለሚመስለው ይብሱን አጥብቆ ይረግጣል። በረገጠ ቁጥር ይብስበታል። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የጫማ ነው። አንድ መቶ አለቃ ሁልጊዜ እንዲህ ሲሆንበት አቦይ ወልዱ ቦቲውን አስወልቀው በካልሲ አስነዱት፤ ሰፊው ሶል ነበር ሁለቱን ፔዳል አንድ ላይ የሚይዘው። በሳምንቱ ስስ ጫማ አድርጎ መጣ፣ ነገሩም በዚያው አለቀ።

ለተብርሃን ግን ጫማዋ ስስ ነበር።

ወይዘሮ ለተብርሃን የምትኖረው ፓራዲዞ የሚባል ሰፈር ነው። የተማሪ ዩኒፎርምና የሕፃናት ልብስ ትሰፋለች፤ የሰፋችውን ባለቤቷ አቶ ተስፋይ በትንሿ የጭነት መኪናቸው ወደ ከረንና ወደ ደቀምሐረ ገበያ ይወስዱ ነበር። በኋላ አቶ ተስፋይን የዓይን ሕመም ያዛቸውና ቀስ በቀስ ብርሃናቸው ጠፋ። ሁለት ሾፌሮች ቀጠሩ። አንደኛው መጠጥ ያበዛ ነበር፣ ሁለተኛው መኪናዋን ቦይ ውስጥ ከትቷት ጠፋ። አቶ ተስፋይ መኪናዋን እንሽጣት ሲሉ እሷ ትምህርት ቤታችን መጣች። ያን ጊዜ መኪና የሚነዱ ሴቶች ጣሊያኖቹ ነበሩ፤ ያገር ሴት ጥቂት ናት፣ ዕቃ ጭና ከከተማ የምትወጣማ አላየሁም። የትምህርት ቤቱ ባለቤት ሳቅ አለና ወደኔ መራት። ዕድሜያችን ተቀራራቢ ነበር፤ ከተላመድን በኋላ እሷም አንተ፣ እኔም አንቺ ተባባልን።

መሪ አያያዟ ጥሩ ነው። ማርሽ ቶሎ ለመደች። ባዶ መንገድ ላይ ምንም እንከን አይወጣላትም። የምትደነግጥ ቀን ግን ግራ እግሯ ከፍሪሲዮኑ ተነስቶ ከቀኙ ጎን ይገባል። ቀኙ ነዳጅ ላይ ነው ያለው፤ ግራው የሚያገኘው ፍሬኑን ነው። ከዚያ ሁለቱንም እስከ መጨረሻው። ውሻ ሲያቋርጥ እንዲህ፣ ጡሩምባ ሲነፋባት እንዲህ። እነግራታለሁ፣ "እወ፣ ገብቶኛል" ትላለች፤ የሚገርመው ደግሞ እውነትም ገብቷታል። እግሩ ነው እምቢ ያለው። ፈተና አቀረብናት። መኮንኑ ድንገት "ቁሚ!" ሲላት መኪናው እንደ ፍየል ዘለለ፤ መኮንኑ ቆቡን አስተካክሎ ወረደና ቢሮው ድረስ በእግሩ ሄደ።

ተጨማሪ ጊዜ ሰጠናት። እንደ ወጉ፣ ባዶ መንገድ የጨረሰ ተማሪ ሰው ወደሚበዛበት ይገባል። አቦይ ወልዱና እኔ ተማክረን አንድ ጠዋት በገበያው ዳር እንድታልፍ አደረግን። በዝግታ እየሄደች ሳለ ከጎን መንገድ ጋሪ ወጣ። ግራ እግሯ ሲነሳ አየሁት። የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ፤ ሞተሩ አልሰማውም። ፊት ለፊታችን ዘንቢል የያዙ ሴቶች ስለነበሩ መሪውን ወደ ግድግዳው ጠመዘዝኩት። ግድግዳው ሥር የነበረው የአደም የብርቱካን መደብር ነው።

እኔ እጄ ተሰበረ። አደም ከመደብሩ ሳንቃ ሥር ነበር፤ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰብሯል። አልጮኸም፤ ሸሃዳ ሲል ሰማሁት፤ የምትሞት አይደለም አልኩት። ሰው ተሰብስቦ አነሳው። ለተብርሃን ከመኪናው ወርዳ መንገዱ ላይ የተበተነውን ብርቱካን አንድ በአንድ እየለቀመች በነጠላዋ መያዝ ጀመረች። ተይው ቢሏት አትሰማም። አንዳንዱ ፈርጧል፣ እሱንም ትለቅማለች። ፖሊስ መጥቶ እስኪያናግራት ድረስ ቀና አላለችም።

አቦይ ወልዱ በዚያ ሁሉ ዘመን ተማሪያቸው ሰው ጎድቶባቸው አያውቅም። ሆስፒታል መጥተው አደምን ጠየቁት፣ የኔንም እጅ አዩ፣ ሻሂ እንጠጣ ሳይሉኝ ወደ ቤታቸው ሄዱ። የትምህርት ቤቱ ባለቤት ደግሞ ያቺ ሴት ከእንግዲህ መኪናዬን አትነካም አለ። የሚፈረድበት አልነበረም። እኔም አመንኩ። አንዳንድ ሰው ለዚህ አልተፈጠረም ብዬ ማሰብ ጀመርኩ፤ እንዲህ ማሰብ ለአስተማሪ ከባድ ነው፤ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳው ያ ነው እንጂ የእጅ ሕመሙ አይደለም።

ብርቱካን የለቀመችበት ነጠላ አደም ዘንድ ቀርቶ ነበር። እሱን ላደርስና መንዳቱን እንድትተወው በመልካም ቃል ልነግራት አንድ ከሰዓት ፓራዲዞ ሄድኩ። እጄ ገና እንደተጠቀለለ ነው። በሩን አቶ ተስፋይ ከፈቱልኝ፤ ረጅም፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ቤታቸውን በእጃቸው እየዳሰሱ የሚሄዱ ሰው ናቸው። ለተብርሃን መስኮቱ ሥር በእግር የሚዘወረው የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣለች። ሰላም አለችኝ፣ ስለ እጄ ጠየቀችኝ፣ ወደ አደም ጠዋት ሾርባ ይዛ እንደሄደች ነገረችኝ። ከዚያ ወደ ስፌቷ ተመለሰች። አቶ ተስፋይ መኪናዋን የሚገዛ ሰው እንዳገኙ በቀስታ አወሩኝ። ድምፃቸው ውስጥ ቅሬታ የለም፤ ያለቀ ነገር እንደሚወራ ነው ያወሩት። እኔ ያዘጋጀሁት ምክር ሳይነገር የተፈለገው ሁሉ ሆኖ ነበር።

እንዲህ እያወራን ሳለ የጎረቤት የቆርቆሮ በር በነፋስ ተላተመ።

ለተብርሃን ደነገጠች። ዓይኔ እግሯ ላይ ነበር። ስትሰፋ ቀኟ ፊት፣ ግራዋ ከኋላ ሆኖ ነው የሚዘውረው። በሩ ሲጮህ ግራው ብድግ ብሎ ከቀኙ ጎን ገባ፣ ሁለቱም አንድ ላይ ረገጡ፤ የስፌት መኪናው ቀጥ አለ። መርፌው ከዚያ በኋላ ጨርቁን አንድ ጊዜ እንኳ አልወጋም።

እስኪ እንደገና ስፊ አልኳት። ግራ ገባት፣ ግን ጀመረች። ትንሽ ጠብቄ ሳላስጠነቅቃት ወለሉን በእግሬ መታሁ። ያው ነው። ግራው መጣ፣ ሁለቱ ረገጡ፣ መኪናው ቆመ።

"እንታይ ኾይኑ?" አሉ አቶ ተስፋይ፤ ምን ተፈጠረ ማለታቸው ነው።

ያየሁትን ነገርኳቸው። ከልጅነቷ ጀምሮ አንድ ነገር ማቆም ሲያስፈልጋት ሁለት እግሯን ጎን ለጎን አድርጋ ነው ያቆመችው። ጣቷን መርፌ እንዳይወጋት ያዳናት ይኸው ልማድ ነው። ለተብርሃን እጇን ጨርቁ ላይ ጥላ እግሯን ታይ ጀመር፣ የሌላ ሰው እግር ይመስል። አቶ ተስፋይ ሳቁ፣ ሲስቁ ስሰማቸው ያ የመጀመሪያዬ ነው።

በማግስቱ ለአቦይ ወልዱ ነገርኳቸው። ሻሂያቸውን አስቀመጡ። ያን ቀን ደንባቸውን ራሳቸው አፈረሱ፤ ስለ መኪና አወሩ።

"ልማዷን ልንነጥቃት አንችልም" አሉኝ። "ለምንስ እንነጥቃታለን? መኪና ሲቆም ሁለት እግር ነው የሚረግጠው፣ ፍሪሲዮንና ፍሬን። ግራው ቦታው ላይ ይቀመጥ። ቀኙ ነው ወደ ግራው መሄድ ያለበት።"

ነገሩ ይኸው ነው። እኔ ወራት ሙሉ ሁለቱን አትርገጪ ስላት ኖሬያለሁ። እሳቸው ሁለቱን ትርገጥ፣ አንድ ፔዳል ወደ ግራ ተጠግታ ትርገጥ አሉ። ድንጋጤ ሲመጣ እግሮቹ መገናኘት ከፈለጉ ይገናኙ፤ የሚገናኙት ግን በግራው ቤት ይሁን።

ከአሮጌ ወንበር ባወጡት ጥቅልል ሽቦና ከሣጥን ሳንቃ ሦስት ፔዳል ያለው ሰሌዳ ሠሩ። ለተብርሃን ቤት ወስደን ከአንድ ወንበር ፊት ወለሉ ላይ ቸነከርነው። አቶ ተስፋይ በእጃቸው ዳሰሱት፣ የእያንዳንዱን ርቀት በጣታቸው ለኩ፣ ፍሬኑ ትንሽ ከፍ ይበል አሉና አቦይ ወልዱ ከፍ አደረጉት። ከዚያ አቶ ተስፋይ በነዳጁ ሳንቃ ሥር ባዶ የቲማቲም ሰልሳ ቆርቆሮ እንዲደረግላቸው ጠየቁ። ሲረገጥ ይንኳኳል፣ እሳቸው ይሰማሉ። ነዳጁን በስሱ እንደረገጠች ትቀመጣለች፤ ቁሚ ስትባል ቆርቆሮው ተለቅቆ ዝም ማለት አለበት፤ ካንኳኳ ተሳስታለች።

የማስተማሩን ሥራ በዚያን ቀን አቶ ተስፋይ ወሰዱት። ዓይናቸው ከጠፋ ጀምሮ ጠዋት ግድግዳው ሥር ፀሐይ ላይ ይቀመጣሉ፣ ከሰዓት ወደ ጥላው ይዛወራሉ፣ ሌላ ሥራ አልነበራቸውም። አሁን ሥራ አገኙ። ሬዲዮ የሚያዳምጡ መስለው ተቀምጠው ድንገት "ደው በሊ!" ይላሉ፤ ቁሚ ማለት ነው። አንዳንዴ ቀኑን ሙሉ ዝም ብለው ይቆዩና ረሱት ስትል ይጮኻሉ። ለተብርሃን ሰሌዳው ላይ ሳትሆን ሰሐን ይዛ ስትሄድ እንኳ እግሯ ይዘላል ብላ ስሞታ ነገረችኝ። ስሞታ ስትነግረኝ ግን ፊቷ ፈካ ብሎ ነበር።

አንድ ቀን ሳያቸው አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ፈተናው በአማርኛ ነው። መኮንኑ "ደው በሊ" አይላትም። ይህን ስነግራቸው አቶ ተስፋይ ተናደዱ። በገዛ አገሯ በገዛ ቋንቋዋ ለምን አትቆምም አሉ። እኔ እንጀራዬን የምበላው በዚያው በአማርኛው ነው። በመጨረሻ ግን ቃሉን እንዳስተካክልላቸው ጠየቁኝ። "ቑሚ" ይሉታል፣ ከጉሮሯቸው። "ቁሚ" አልኳቸው። "ቑሚ" አሉ። ተስማማን። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሁለቱም ቃል ተራ በተራ ያስደነግጧት ገቡ።

የትምህርት ቤቱ መኪና ስለተከለከለች፣ መሸጧ በቀረው በባልና ሚስቱ መኪና ወጣን። መጀመሪያ አቦይ ወልዱ ራሳቸው ከጎኗ ተቀመጡ፣ እጄ ሲድን እኔ ተተካሁ። ግራ እግሯን ከፍሪሲዮኑ እንዳታነሳ አደረግናት። መካኒኮች ፍሪሲዮኑ ቶሎ ይበላል ብለው ይቆጡኛል፤ ይበላ አልኩ። ጥራቮሎ ባዶ መንገድ ላይ እየሄደች ሳለ የመኪናውን በር በመዳፌ እመታለሁ፤ ቀኟ ወደ ግራው ይሄዳል፣ ሁለቱ አብረው ይረግጣሉ፣ መኪናዋ ትቆማለች። ሞተሩ አያጓራም። ያን ድምፅ አለመስማት እንዴት ደስ እንደሚል መናገር አልችልም።

አደም በምርኩዝ መራመድ ሲጀምር መንዳቷን እንደቀጠለች ነገርኩት። ደብቄው ከሌላ ሰው ከሚሰማ ብዬ ነው። አጎንብሶ እግሩን ሲያሻሽ ቆየ።

"በየት በኩል ነው የምትለማመደው?" አለኝ።

በጥራቮሎ አልኩት።

"እንግዲያው አላህ ይርዳት" አለ። "እኔ ያለሁት ገበያ ነው።"

እግሩ ድኖ ወደ ቦታው ተመልሷል፤ ጥቂት ማነከሱ ግን አልለቀቀውም። እሷ ፊት ስለ እግሩ ሲናገር አልሰማሁትም።

የፈተናው ቀን ደረሰ። መኮንኑ ያው ሰው ነው። ሲያያት አስታወሳትና ቆቡን ወደ ታች ጫን አደረገ። እኔ አስተማሪዋ ስለሆንኩ ከመኮንኑ ጎን ተጨናንቄ ተቀመጥኩ። መታጠፊያውን፣ ዳገት ላይ ተነስቶ መሄዱን፣ ወደ ኋላ መመለሱን ሁሉ ደህና አደረገችው። መኮንኑ ግን ገና "ቁሚ" አላለም፤ እሷም እሱን እየጠበቀች መሆኗ ከአንገቷ ያስታውቃል። አንድ ፌርማታ አጠገብ ስንደርስ ከቆመው አውቶቡስ ኋላ ዳቦ የጫነ ብስክሌተኛ ወጥቶ ሚዛኑ ጠፋውና መሃል መንገድ ላይ ወደቀ። ከነዳቦው፣ ከፊታችን።

ቁሚ ያላት የለም። የቀኝ ጉልበቷ ወደ ግራ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ከዚያ ሁላችንም ወደፊት ተወረወርን። የመኮንኑ ቆብ መስታወቱ ላይ አረፈ። መኪናዋ ቆማለች። ሞተሩ በቀስታ፣ እንደ ድመት እያንኮራፋ ይሠራል። ብስክሌተኛው ተነስቶ ሱሪውን አራገፈ፣ ዳቦውን ለቀመ፣ ሰላምታ ሰጥቶን ሄደ።

መኮንኑ ቆቡን አነሳ። ጎንበስ ብሎ እግሯን አየ፤ ሁለቱም እግሮቿ ገና እንደረገጡ ናቸው፣ አንዱ ፍሪሲዮኑን፣ አንዱ ፍሬኑን።

"እንዲህ መቆም የት ተማርሽ?" አላት።

"ቤቴ" አለች በአማርኛዋ። "ባለቤቴ ነው ያስተማረኝ።"

"ሾፌር ነው?"

"እወ፣ አዎ፣ ሾፌር ነበረ። አሁን ዓይነ ስውር ነው።"

መኮንኑ ወደኔ ዞረ። ቋንቋው የተበላሸ መስሎት ማስተርጎም ፈልጎ ነው። ትክክል ነው ያለችው፣ ጌታዬ፣ አልኩት። እሷንም እኔንም እያፈራረቀ ሲያይ ቆየና ወደ ቢሮ እንድትመልሰው ነገራት። በዚህኛው ቀን በእግሩ አልሄደም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አስመራ ሠራሁ። ሰሌዳውን የመሰለ ሌላ ሰሌዳ ለትምህርት ቤቱም ተሠራ፤ አቦይ ወልዱ እስኪያርፉ ድረስ አዲስ ተማሪ ሲመጣ መጀመሪያ በምን ሥራ እንደሚተዳደር ይጠይቁት ነበር። ሸማኔ ነው? አናጢ ነው? እግሩ ሌላ ቦታ ምን እንደለመደ ሳያውቁ ማስተማር ተዉ። እኔም ኋላ ወደ ወሎ ተመልሼ ኮምቦልቻ ስሠራ ይህንኑ አልተውኩም። ለተብርሃን የአደምን ብርቱካን ከከረን መንገድ እየጫነች ታመጣለት እንደነበር አውቃለሁ፤ ማን እንዳስታረቃቸው አላውቅም፣ ምናልባትም ተጣልተው አያውቁ ይሆናል።

ከሥራ ዘመኔ ሁሉ አንድ ቀን ምረጥ ብባል የምመርጠው ግን ፈቃዷን ይዛ መጀመሪያ ከከተማ የወጣችበትን ቀን ነው። ወደ ከረን። ዩኒፎርሙን ከኋላ ጭነን፣ አቶ ተስፋይ ከጎኗ፣ እኔ ጥግ ይዤ ተጣብቀን ተቀመጥን። እኔን የጠሩኝ ምናልባት ካስፈለገ ብለው ነው። ከአስመራ ወጥተን መንገዱ መጠማዘዝ ሲጀምር አቶ ተስፋይ በቃላቸው ይነግሯት ገቡ። አሁን ወደ ግራ የሚታጠፍ አለ፣ አሁን ድልድይ፣ ከድልድዩ በኋላ ማርሽ ቀንሺ፣ እዚህ ጋ ፍየል ይበዛል። አንድም አልሳቱም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አንገታቸውን ዘርግተው፣ መንገዱን የሚያዩት ይመስሉ ነበር። እሷም ለእያንዳንዱ "እወ" ትላለች።

ዓዲ ተከሌዛንን ካለፍን በኋላ አንድ ጠመዝማዛ መጣ፤ አልተናገሩም። ሌላም መጣ፤ ዝም አሉ። የተከፉ መስሎኝ ጎንበስ ብዬ ፊታቸውን አየሁ። ራሳቸው ወደ መስኮቱ ዘንበል ብሏል። አፋቸው ትንሽ ተከፍቷል። ተኝተዋል።

ልናገር ስል ለተብርሃን በመስታወቱ አየችኝና ተው በሚል ራሷን ነቀነቀች። ከፊት ለፊት ቁልቁለት ነበር። ግራ እግሯን በቀስታ ጫነች፣ እሳቸው እንዳይሰሙ አድርጋ ማርሹን ቀየረች፤ ከረን እስክንገባ ማናችንም ቃል አልተነፈስንም።